የምስሪቱ ቀለበት

ደብዳቤው የደረሳት ሰኞ ጠዋት፣ በሁለት ሥራ መካከል ባለችው የሃያ ደቂቃ እረፍት ነበር። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ስለ ስበት አስተምራ መውጣቷ ነው። ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ዱቄት እንዳለ ቢሮዋ ገብታ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ቀጥሎ ስብሰባ አለባት። አጀንዳው የሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ማን ዘንድ ይቀመጥ የሚል ነው፤ በዚሁ ጉዳይ ሲሰበሰቡ ይህ ሦስተኛቸው ነበር።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዩኒቨርሲቲው የሥነ ፈለክ ክፍል ሃያ አራት ዓመት ሠርታለች። ተማሪዎቹ ከጀርባዋ «ባለቀለበቷ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ቅር ብሏትም አያውቅም። ጣቷ ላይ ቀለበት ኖሮ አይደለም፤ ትዳር የሚባል ነገር ሳይገጥማት ነው እዚህ የደረሰችው። ቀለበቱ ያለው ሰማይ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት የሚፈጅባት አንዲት ጋላክሲ አለች። በመዝገብ ላይ ያላት ስም ረጅም ቁጥር ብቻ ስለሆነ ባለቀለበቷ «ምስሪቱ» ትላታለች። ጋላክሲዎች፣ ማለትም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት አንድ ላይ የሰፈሩባቸው መንደሮች፣ መልካቸው ብዙ ነው። እንደ እንቁላል ሞለል ያሉ አሉ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው የሚሽከረከሩም አሉ። በሁለቱ መሃል ደግሞ ምስር መሰሎቹ አሉ። ከጎን ሲያዩዋቸው መሃላቸው ወፈር፣ ጠርዛቸው ሳሳ ያለ ነው፤ ክንድ የላቸውም። ኮከብ የሚሠራበት ጋዝ አልቆባቸዋል። ያሏቸው ከዋክብት ያረጁ፣ ወደ ቀይ ያደሉ ናቸው። አዲስ አይወልዱም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን ባለቀለበቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ በተተከለው በክፍሉ አሮጌ ቴሌስኮፕ ምስሪቱን አራት ሌሊት ፎቶ አንስታ፣ ዙሪያዋን የከበበ ስስ ሰማያዊ ቀለበት አገኘች። ሰማያዊ ማለት ወጣት ከዋክብት ማለት ነው። መካን የተባለችው ወልዳ ተገኘች። ጽሑፉ በትልቅ መጽሔት ወጣ፤ ፎቶው የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ ክፍሉም ኬክ ቆረሰ።

አሁን የደረሳት ደብዳቤ ከሌላ አገር ተመራማሪዎች ነው። በትልቅ ቴሌስኮፕ ምስሪቱን እንደገና አይተዋታል። ጽሑፉ ትሕትና የበዛበት ነበር። «ቀለበቱን ልናገኘው አልቻልንም። ምናልባት ስህተቱ ከእኛ ይሆናል። ከማሳተማችን በፊት አስተያየትዎን ብንሰማ ደስ ይለናል» ይላል፤ ስድስት ሳምንትም ሰጥተዋታል። ከሥር ፎቶው አለ። ምስሪቱ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች፤ ዙሪያዋ ጥቁር ነው። እልም ያለ ጥቁር።

ስብሰባው ሲያልቅ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዲቀመጥ እንደተወሰነ ብትጠየቅ አትመልስም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እነሱን ስትወቅስ አሳለፈች። ካሜራውን በቂ ጊዜ ከፍተው አልጠበቁም ይሆናል። ሰማዩን ከፎቶው ላይ ሲቀንሱ ቀለበቱንም አብረው ቀንሰውት ይሆናል። እሷ ራሷ ከአምስት ዓመት በፊት ምስሪቱን እንደገና አይታት ነበር፤ ያን ጊዜም ቀለበቱ አልታየም። ግን ጨረቃ ነበረች። ጥፋቱን በጨረቃ አሳብባ ፋይሉን ዘጋችው። ሌላ ጊዜ ስትሞክር ደመና ሆነ። ከዚያ ወዲያ ፈተና ማረም፣ ኮሚቴ፣ የእናቷ ጉልበት፣ የቤቱ ቧንቧ፤ ዓመቱ እንዲህ ሲል ሄደ። ልቧ ግን ያውቅ ኖሯል። አሁን ደብዳቤውን ስታነብ የተሰማት ድንጋጤ አልነበረም፤ ከረጅም ጊዜ በፊት የቀጠረችው ሰው በሩን ሲያንኳኳ የሚሰማ ዓይነት ድካም ነበር።

ቤት ስትገባ ያ ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይጠብቃታል። ያሰቀለችው እናቷ ናት። እናትና ልጅ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት፤ አባትየው ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እናቷ ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት፣ ጉልበቷ እንጂ አንደበቷ ያልደከመ ሴት ናት። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ፎቶውን በከዘራዋ እየጠቆመች «የልጄ ቀለበት ይኼውላችሁ። የሰው ልጅ ቀለበት ጣቱ ላይ ያጠልቃል፤ የኔዋ ሰማይ ላይ አጠለቀች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትላለች። ሰዉ ይስቃል። ልጅየዋም አብራ ትስቃለች።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ እናቷ ትክ ብላ አየቻት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ፊትሽ ተከስክሷል።»

«ደክሞኝ ነው እማዬ።»

«ድካምሽንማ አውቀዋለሁ፤ አብሮን ከሚኖር ስንት ዓመቱ። ይኼ ሌላ ነው።»

«ነገ እነግርሻለሁ።»

«ነገ ነገን ይወልዳል» አለች እናቷ፤ ግን አልጫነቻትም።

አርብ ዕለት ባለቀለበቷ የቢሮዋን በር ቆልፋ የድሮዎቹን ፎቶዎች አወጣቻቸው። የታተመውን ሳይሆን ጥሬዎቹን፣ ካሜራው እንደወለዳቸው ያሉትን። አራት ሌሊት፣ በሰማያዊ ማጣሪያ አርባ አንድ ፎቶ፣ በቀይ ማጣሪያ ሃያ ስምንት። ማጣሪያ የሚሏት የሚፈለገውን ቀለም ብቻ የምታሳልፍ፣ ካሜራው ፊት የምትገባ የመዳፍ ስፋት ያላት መስታወት ናት። አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀለበቱ በቀዮቹ ላይ የለም፤ በሰማያዊዎቹ ላይ አለ። ያኔ ይህንኑ ነበር ማስረጃ ያደረገችው፤ ወጣት ከዋክብት ቢሆኑ ነው እንጂ ለምን ሰማያዊ ላይ ብቻ ይታያል ብላ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሠላሳ ሦስተኛው ፎቶ ላይ ስትደርስ፣ ጥጉ ላይ አንድ የማይረባ ኮከብ አየች። ከምስሪቱ ጋር ምንም የማያገናኘው፣ ከፊት ለፊት ያለ የእኛው ሰፈር ኮከብ ነው። ለሕትመት ሲባል ፎቶው ሲቆረጥ የወደቀው ክፍል ላይ ነበር ያለው። የፎቶውን ንፅፅር ከፍ አደረገችው። በኮከቡም ዙሪያ ስስ ቀለበት አለ። ስፋቱን ለካችው፤ ከምስሪቱ ቀለበት ጋር አንድ ሆነ። ደግማ ለካችው። አሁንም አንድ።

ኮከብ ቀለበት አይወልድም። ጠንከር ያለ ብርሃን ካለው ነገር ሁሉ ዙሪያ አንድ ዓይነት ቀለበት ከታየ፣ ቀለበቱ ያለው ሰማይ ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ነው፤ ብርሃኑ መስታወትና መስታወት መካከል እየነጠረ የሠራው የውሸት ጥላ ነው። ይህን ራሷ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በየዓመቱ ታስተምራለች። ለፈተናም አውጥታው ታውቃለች።

ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ተነስታ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ምድር ቤት ያለው ወርክሾፕ የጋሽ ብሎን ግዛት ነው። ጋሽ ብሎን የክፍሉ የመሣሪያ ቴክኒሻን ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ስማቸውን የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ብሎን ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ጋሽ ብሎን ይላቸዋል። ባለቀለበቷን ከተማሪነቷ ጀምሮ ያውቋታል፤ ዶክተር ከሆነች በኋላ «አንቺ» ማለታቸውን ባይተዉም ማዕረጓን ግን ዘለው አያውቁም። ስትገባ ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የአንድ ቢሮ ማራገቢያ ፈታተው ነበር።

«የቁልፉ ነገር ከሆነ፣ ጋሽ ብሎን ቁልፍ አይቀርፅም በያቸው» አሉ ቀና ሳይሉ።

«የቁልፉ አይደለም። ስለ ድሮዋ ካሜራ ልጠይቅዎት ነው። ሰማያዊዋን ማጣሪያ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ እኔ ምስሪቱን በማነሳበት ሰሞን ነክተዋት ያውቃሉ?»

ጋሽ ብሎን ካቻቢቴያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ተገልብጣ የገባችውን ነው?»

ባለቀለበቷ አፍጥጣ አየቻቸው።

«ነግሬሽ ነበር እኮ ዶክተር።»

«ለኔ?»

«ላንቺ ነዋ! ለማን ልነግር ኖሯል?» አሉና፣ ፊቷን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቁጭ በይ። ቁጭ በይ እስቲ፣ እዚያ ሳጥኑ ላይ።»

የመፍቻ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ብሎን ነገሩን ከሥሩ አስረዷት። አንድ ማክሰኞ ማጣሪያዋን አውጥተው አቧራዋን ጠርገው መልሰዋታል። መስታወቷ ሁለት ፊት አላት፤ አንደኛው ብርሃን እንዳይመልስ የተቀባ ነው፤ እሱ ወደ ካሜራው መዞር ነበረበት። እሳቸው ገልብጠው አስገቧት። በአሥረኛው ቀን የካሜራውን መዝጊያ ለመጠገን ሲከፍቱ አዩት። ወዲያው አስተካከሏትና ሊነግሯት ሲፈልጓት አባቷ ሆስፒታል ተኝቷል ተባሉ።

«ብርቱካን ገዝቼ ሆስፒታል መጣሁ። ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ተገናኘን። አንቺ ስትወርጂ፣ እኔ ስወጣ። አባትሽን ጠየቅሁ፤ ‹ያው ነው› አልሽኝ። ከዚያ ነገርኩሽ። ‹ሰማያዊዋ ተገልብጣ ነበር፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ያነሳሽውን እንዳታምኚው› አልኩሽ። አንቺም ‹እሺ ጋሽ ብሎን፣ እግዜር ይስጥልኝ› ብለሽ ብርቱካኑን ተቀብለሽኝ ወረድሽ።»

ባለቀለበቷ ያንን ደረጃ ለማስታወስ ሞከረች። የዚያ ሳምንት ሌሊቱን ቴሌስኮፑ ጋ፣ ጠዋቱን አባቷ አልጋ ሥር ነበረች። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ይዟት የትራፊክ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ቀይ ሲሆን፣ ቀይ ሆኖ አረንጓዴ ሲሆን ከኋላ የጮኸባት ጡሩምባ ትዝ ይላታል። ነርሷ በእጇ የጻፈችው የመድኃኒት ወረቀት ትዝ ይላታል። ብርቱካኑም ትዝ ይላታል፤ አባቷ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሲያርፍ አልጋው ሥር እንዳለ ቀረ። ጋሽ ብሎን ግን ትዝ አይሏትም። አንድ ቃላቸው እንኳ።

«አልሰማሁዎትም» አለች።

«ሰምተሽ መልሰሽልኛል እኮ።»

«አፌ ነው የመለሰው። እኔ አልሰማሁም።»

ሽማግሌው ተነስተው ከመደርደሪያው ላይ ደብተር ማገላበጥ ጀመሩ። በየዓመቱ አንድ አንድ፣ ሠላሳ አንድ ደብተር አላቸው። ለቢሮ የሚገባው መዝገብ ሌላ ነው፤ ይኼ የራሳቸው ነው። ያገኙትን ገጽ ዘርግተው ሰጧት። በእርሳስ የተጻፈው እንዲህ ይላል። «ሰማያዊዋን ገልብጬ አስገብቼ ኖሯል። አስተካከልኩ። ለዶክተር ነገርኳት። እሺ አለችኝ። አባቷን እግዜር ይማርላት።»

«ታዲያ ጽሑፉ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ግርግር ሲሆን ለምን አልጠየቁኝም?»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ብሎን፤ የምራቸውን ነው የተገረሙት። «ያን ሁሉ ሒሳብ የሠራሽው አንቺ፤ የነገርኩሽ እኔ፤ ‹እሺ› ያልሽ አንቺ። አስባበታለች፣ የተበላሸውን ትታ እንደገና አንስታለች አልኩ። ሰው ለሐኪሙ መርፌውን ቀቅለኸዋል ወይ ይለዋል? ኬኩን ስትቆርሱ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ እኮ።»

ማራገቢያው ጠረጴዛው ላይ ክንፉን ዘርግቶ ተኝቷል። ባለቀለበቷ መናደድ አማራት፤ የምትናደድበት ሰው ፈለገች፤ አጣች። ከሁሉም በላይ የከበዳት ከሳጥኑ ላይ ተነስቶ ሦስት ፎቅ መውጣቱ ነበር። ሊፍቱ ከተበላሸ ወር አልፎታል።

ሰኞ ዕለት ለክፍሉ ኃላፊ ነገረችው። ኃላፊው አርባ ያልሞላው፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ አንገቱ ድረስ የሚቆልፍ ሰው ነው። የእሷ ተማሪ ነበር፤ የዶክትሬት ማዕረጉን ያገኘው በዚያው ቀለበት ላይ በጻፈው ነው። ጽሑፉ ላይም ስሙ ከስሟ ቀጥሎ አለ። የኮከቡን ፎቶ ስታሳየው ገና ሳታብራራለት ገባው። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ላንተና ለጋሽ ብሎን።»

«ጥሩ። እንግዲህ ተረጋግተን እናስብ። እነዚያ ሰዎች የራሳቸውን ያትሙ። እኛ አንቃወም፣ አንደግፍም። ሳይንስ ራሱን በራሱ ያርማል ስትይን አልነበረም? ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«ዝም አይነቅዝም፤ ምስር ግን ይነቅዛል» አለችው።

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ተመልሶ ኮስተር አለ።

«ካልሆነም የመሣሪያ ብልሽት ነበር ብለን እንጽፍ። እውነትም ነው። ቴክኒሻኑ ማጣሪያውን ገለበጠ፤ በይፋዊው መዝገብ ላይ አላሰፈረም። አለቀ። እሳቸውም እየወጡ ናቸው፤ ምን ይመጣባቸዋል?»

«ነግረውኛል እኮ።»

«ማን ያውቃል?»

«ደብተራቸው ላይ አለ። እሳቸው ያውቃሉ። አሁን እኔም አውቄያለሁ።»

«አንቺ አታስታውሺም አላልሽም? የማታስታውሽውን ነገር እንዴት ብለሽ ትመሰክሪበታለሽ?»

ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም። ፈርቶ ነበር። ሁለት ልጆች አሉት፤ የፕሮፌሰርነት ማመልከቻው ቀርቧል፤ ከማመልከቻው ገጽ አብዛኛው ቀለበት ነው። ባለቀለበቷ አየችው። ከዓመታት በፊት በፈተና ወረቀቱ ጠርዝ ላይ «እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ የጻፈ ብቸኛ ተማሪ ስለነበረ ነው የመረጠችው። ይህን ልታነሳበት አሰበችና ተወችው። ለመናገር የሚያስፈልገው ጉልበት አልነበራትም።

«አንድ ሳምንት ስጪኝ» አላት።

«ሁለት ውሰድ። ግን እጽፈዋለሁ።»

የዚያን ዕለት ማታ ለእናቷ ነገረቻት። ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ማጣሪያውን፣ ደረጃውን፣ «እሺ» ማለቷን። እናቷ ኩሽና ውስጥ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋድማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ስለዚህ ቀለበቱ የለም» አለች።

«የለም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ እማዬ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያንቺው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አደረ።» ከዘራዋን ጭኗ ላይ አገላበጠች። «ያን ሰሞን አስታውስሻለሁ። አንድ ቀን ከሆስፒታል መጥተሽ በሩ ላይ ቆመሽ የመኪናውን ቁልፍ ለበሩ ስትሞክሪ አገኘሁሽ። ‹ልጄ፣ ያ የመኪና ነው› ስልሽ ‹እሺ› አልሽኝ፤ መሞከርሽን ግን አልተውሽም። ሰው እንደዚያ ሲሆን ጆሮው ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

«ይኼን ብዬ አልጽፍላቸውም መቼም።»

«ለምን አትጽፊም?»

«ሳይንስ እኮ ነው።»

«እኔ ሳይንስ አላውቅም። ግን አባትሽ እየሞተ አልጋው ሥር ነበርሽ። ያንን ቀለበት ብለሽ እሱን ብትተዪው ኖሮ ነው ዛሬ የማዝንብሽ።» ከዘራዋን ተመርኩዛ ተነሳችና አጠገቧ ቆመች። «ሳህኑን ተዪው። ሦስት ጊዜ አጠብሽው።»

ባለቀለበቷ ሳህኑን ስታይ እውነትም ነበር። እጇን ሳታደርቅ እናቷ ትከሻ ላይ ግንባሯን አሳረፈች። አላለቀሰችም፤ ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል።

ማረሚያውን ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ርዝመቱ አንድ ገጽ ከሩብ ነው። የማጣሪያዋን ነገር፣ የኮከቡን ቀለበት፣ ልኩን፣ ስሌቱን በአንድ ጠዋት ጨረሰችው። የቀሩትን ቀናት የበላችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። መጀመሪያ «ብልሽቱ በወቅቱ አልታወቀም ነበር» ብላ ጻፈች። ውሸት ነው፤ ሰረዘችው። «ብልሽቱ ለዋና ተመራማሪዋ በአግባቡ አልደረሰም» ብላ ጻፈች። በአግባቡ ደርሷል፤ ከብርቱካን ጋር። ሰረዘችው። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «ቴክኒሻኑ ስህተቱን አግኝተው በዚያው ሳምንት በቃል አሳውቀውኛል። አላስተዋልኩትም። የተወሰዱትን ፎቶዎች ከጥናቱ ማውጣት የኔ ኃላፊነት ነበር።»

ወርክሾፕ ወርዳ ለጋሽ ብሎን አነበበችላቸው። ማጉያ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡ።

«ማን እንደገለበጣት አልተጻፈም» አሉ።

«ምን ያደርጋል?»

«እንዴት ምን ያደርጋል? ስህተቱን ያገኘሁት እኔ፣ የሠራው ግን ጂን ነው ያሰኛል። እኔ የገለበጥኳትን እኔው ልሸከማት። ‹ቴክኒሻኑ ሲያጸዱ ገልብጠው አስገቡ› በይ። ከዚያ ‹አግኝተው አሳወቁ› በይ። ሁለቱም ይግባ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ የጻፉትማ ይብሳል።»

እንዳሉት አደረገች። ኃላፊው ሁለት ሳምንቱ ሊያልቅ ሦስት ሰዓት ሲቀረው አንዲት መስመር ላከላት፦ «ፈርሜያለሁ።» ከዚያ በኋላ ሙሉውን የትምህርት ወቅት ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያነብ ነበር። ማመልከቻውን ስቦ በሌላ ሥራ ለማስገባት ሌላ ዓመት ፈጀበት። ይህን ከሌላ ሰው ነው የሰማችው።

ጽሑፉ ተሰረዘ። የመማሪያ መጽሐፉ አዘጋጆች በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን ብለው መለሱ፤ የሚቀጥለው እትም መቼ እንደሆነ ግን አልተናገሩም። በትልቁ ቴሌስኮፕ እንድትሠራ ያቀረበችው ጥያቄ ምክንያት ሳይሰጠው ተመለሰ። እንድትናገር የተጠራችበት አንድ ጉባኤ መርሐ ግብሩ እንደተጨናነቀ ገለጸላት። ተማሪዎቹ ደግሞ «ባለቀለበቷ ተፋታች» የሚል ቀልድ አወጡ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ረድፍ ሲሾካሾኩት ሰማችው። ቀልዱ ጥሩ ስለነበረ ሳቀች፤ እነሱ ደንግጠው ደብተራቸው ላይ አጎነበሱ፤ እሷም ስለ ስበት ማስተማሯን ቀጠለች።

ከሌላ አገር ደብዳቤውን የላከችላት ተመራማሪ ግን መልሳ ጻፈች። እኛም ጋ አምና እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን ነበር፣ እኛ ግን ማን እንዳጠፋ ሳንጽፍ ነው ያለፍነው ትላለች። ቀጥላም የቀይ ማጣሪያዋ ፎቶዎች ደህና ከሆኑ ይላኩልን አለች፤ ምስሪቱ ከስንት ጊዜ ጀምሮ መውለድ እንዳቆመች ለማስላት ይጠቅመናል ብላ።

ደህና መሆናቸውን ማረጋገጥ ነበረባት። ማረጋገጫው ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሽ ብሎን ሊወጡ በቀራቸው ሁለት ወር ከሰዓት ከሰዓት እየወረደች ሠላሳ አንዱን ደብተር ከቴሌስኮፑ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩት። እሳቸው ያነባሉ፤ እሷ ትጽፋለች። ደብተሩ ውስጥ የማይገኝ የለም፤ የተበላሸ ሞተር፣ ካሜራ ውስጥ የገባች የእሳት እራት፣ የሚስታቸው የጥርስ ሕመም። የቀይ ማጣሪያዋን ማንም አልነካትም። በሌሎች ሰዎች ጥናት ላይ ግን ሁለት ጥፋቶች ተገኙ፤ ለባለቤቶቹ ጻፈችላቸው። አንዱ አመሰገነ። አንዱ እስካሁን አልመለሰም።

አንዳንድ ቀን እያነበቡ ሳሉ ታሸልባለች። ጋሽ ብሎን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ሥራ ይይዛሉ፤ ስትነቃ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንድ ጊዜ «ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?» ስትላቸው «ደግሜ እለዋለሁ፤ ዘንድሮ እስክትሰሚ ድረስ ነው የምለው» አሏት።

የመጨረሻውን ደብተር አርብ ዕለት ጨረሱ። የቀይ ማጣሪያዋን ፎቶዎች ላከች፤ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቤቷ ደረሰች። ወረቀቱን ማረም ነበረባት። ግን ሳሎን ባለው ሶፋ ላይ ለአፍታ ጋደም ልበል ብላ ጋደም አለች።

ስልኳ ሲጮኽ እናቷ አነሳችው። ከቢሮ ነው፤ ስለ ቁልፉ ኮሚቴ።

«ተኝታለች» አለች እናቷ።

ሰውየው የሆነ ነገር ተናገረ።

«አውቃለሁ፤ ገና ቀን ነው። ቢሆንም ተኝታለች።»

አሁንም የሆነ ነገር ተናገረ።

«አልቀሰቅሳትም። ነገም አልቀሰቅሳትም። ቁልፉን እናንተው ያዙት» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ስልኩን ትራሱ ሥር ሸጉጣ፣ መጋረጃውን ጎተት አደረገችና፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ከዘራዋን ይዛ ተቀመጠች።